ከዱር ጠፍቶ በሰው እጅ የተረፈ አበባ፤ የፍራንክሊንያ ዛፍ ታሪክ

ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙውን ጊዜ ብዕራቸውን የሚያነሡት ስለ ነገሥታት ሥራ፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ ከተማዎችም መነሣትና መውደቅ ለመናገር ነው። የአንድ ዛፍ ታሪክ መጻፍ ለብዙ ሰው ትንሽ ነገር ይመስለዋል። ዳሩ ግን እግዚአብሔር ከፈጠራቸው ፍጥረታት አንዱ ከምድር ላይ ሊጠፋ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ አባትና አንድ ልጅ አይተውት፣ ዘሩን ለቅመው፣ በአትክልት ቦታቸው አብቅለው፣ ለጎረቤትና ለባሕር ማዶ ሰው አካፍለው አትርፈውት እንደ ሆነ፣ የዚህ ነገር ታሪክ ለአእምሮ ምግብ የሚሆን ይመስለናል። ስለዚህ ዛሬ በአሜሪካ አገር የተገኘውን የፍራንክሊንያን ዛፍ ታሪክ፣ ከአተካከሉና ከአረባቡ ጋራ፣ ለክቡራን አንባብያን እናቀርባለን። በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው የዘመን ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ፍራንክሊንያ ከሻይ ቅጠል ወገን የሚቈጠር፣ ቁመቱ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ሜትር የሚደርስ ዛፍ ነው። ሰው የሚተክለው ለመብል ወይም ለቤት መሥሪያ ብሎ ሳይሆን ስለ ውበቱ ነው። አበባው ነጭ ነው፤ አምስት ቅጠሎች አሉት፤ ወርዱም ከ7 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በመካከሉ እንደ ወርቅ ቢጫ የሆኑ ክሮች ተሰብስበው ይታያሉ፤ መዓዛውም ደስ ያሰኛል። የአገሩ ዛፎች ብርዱ አልፎ ሙቀት ሲጀምር አብበው ይጨርሳሉ፤ ይህ ዛፍ ግን ሌሎቹ አበባቸውን ካራገፉ በኋላ፣ በነሐሴና በመስከረም ወራት ያብባል። ወዲያውም ብርዱ ሲመለስ ቅጠሉ እንደ ደም ቀይ ይሆናል። ስለዚህ አንዳንድ ዓመት ነጩ አበባ በቀዩ ቅጠል መካከል ሳይረግፍ ይገኛልና፣ ያየው ሰው ሁሉ ያደንቀዋል።

ይህን ዛፍ በመጀመሪያ አስተውሎ ያየው ጆን ባርትራም የሚባል ገበሬ ነው። ባርትራም በ1699 ዓ.ም. በፔንሲልቬንያ ተወለደ። የአገሩ ሰዎች ያን ጊዜ በእንግሊዝ መንግሥት ሥር ነበሩ። በከፍተኛ ትምህርት ቤት አልተማረም፤ ነገር ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ዕፀዋትን መመርመር ይወድ ነበርና፣ የዕፀዋት ሊቃውንት የጻፉትን ለማንበብ ሲል ጥቂት ላቲን እስከ መማር ደረሰ። በ1728 ዓ.ም. በፊላደልፍያ ከተማ አጠገብ፣ በስኩልኪል ወንዝ ዳር መሬት ገዝቶ የድንጋይ ቤት ሠራ፤ ከቤቱም እስከ ወንዙ ድረስ ባለው ቁልቁለት ከየአገሩ ያመጣቸውን ዛፎችና አበባዎች ተከለ።

ባርትራም ኩዌከር ከሚባለው ማኅበር ወገን ነበረ። ዳሩ ግን ስለ ክርስቶስ አምላክነት ከማኅበሩ ትምህርት የወጣ ቃል በመናገሩ በ1758 ዓ.ም. ከአባልነት አወጡት። ከዚያም በኋላ ወደ ጸሎታቸው መሄድን አልተወም። በ1770 ዓ.ም. እግዚአብሔርን ብቻ እንደሚያመልክ የሚናገር ጽሑፍ በድንጋይ ቀርጾ ከቤቱ ግድግዳ ላይ አኖረ። የሃይማኖቱን ስሕተት መመርመር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ሰውዬው ዕፀዋትን ሲመለከት የፈጣሪን ሥራ እንደሚመለከት ያስብ እንደ ነበረ ይህ ድንጋይ ይመሰክራል።

በሎንዶን ከተማ ፒተር ኮሊንሰን የሚባል የጨርቅ ነጋዴ ነበረ፤ እርሱም አበባ ወዳጅ ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች ከ1730ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በደብዳቤ ወዳጅነት ጀመሩ፤ ሠላሳ ዓመት ያህል ሲጻጻፉ ኖረው በዐይን ሳይተያዩ ኮሊንሰን በ1768 ዓ.ም. ሞተ። ባርትራም በየዓመቱ ወደ ዱር እየወጣ ዘር ይለቅማል፤ የለቀመውንም በሣጥን ከፋፍሎ በመርከብ ይልካል። በአንዱ ሣጥን ውስጥ መቶ ያህል ዓይነት ዘር ይገኝ ነበር፤ የሣጥኑም ዋጋ አምስት ጊኒ የሚባል የእንግሊዝ ወርቅ ነበረ። ኮሊንሰን ሣጥኖቹን ለእንግሊዝ መኳንንትና ለአትክልት ወዳጆች ያከፋፍላል። ዛሬ በእንግሊዝ አገር በታላላቅ ቤቶች ዙሪያ ከሚታዩት የአሜሪካ ዛፎች ብዙዎቹ በዚህ መንገድ የገቡ ናቸው። ይህን አስቀድመን የተናገርነው ያለ ነገር አይደለም፤ ዘርን ለቅሞ፣ ጠብቆ፣ አካፍሎ የመኖር ልማድ በዚህ ቤት አስቀድሞ ባይጸና ኖሮ፣ የምንናገርለት ዛፍ ዛሬ ባልኖረም ነበርና ነው።

በ1765 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ ባርትራምን በዓመት 50 ፓውንድ ደመወዝ የንጉሥ የዕፀዋት መርማሪ አድርጎ ሾመው። ይህ ዘመን በእኛ አገር አጤ ኢዮአስ በጎንደር የነገሡበት ነው። ባርትራም ያን ጊዜ ዕድሜው 66 ዓመት ነበር፤ ቢሆንም ልጁን ዊልያምን አስከትሎ ወደ ደቡብ፣ ወደ ካሮላይና፣ ወደ ጆርጅያና ወደ ፍሎሪዳ ረጅም ጉዞ ጀመረ። በጥቅምት 1 ቀን 1765 ዓ.ም. በጆርጅያ፣ በአልታማሃ ወንዝ አጠገብ፣ ፎርት ባሪንግተን ወደሚባለው ምሽግ ሲሄዱ መንገድ ሳቱ። በዚያም ቀን ከዚያ በፊት አይተዋቸው የማያውቋቸውን ቍጥቋጦዎች አገኙ፤ ከእነርሱም አንዱ ይህ ዛፍ ነበረ። ነገር ግን ጊዜው አበባ የሚያልፍበት ወራት ስለ ነበረ፣ ዛፉ ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ለመለየት አልቻሉም። ሽማግሌው ባርትራም አይቶት ዐለፈ፤ ተመልሶም ወደዚያ ስፍራ ለመሄድ አልሆነለትም።

የቀረውን ሥራ የፈጸመው ልጁ ዊልያም ነው። ዊልያም በ1739 ዓ.ም. ተወለደ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ወፎችንና አበባዎችን አስተካክሎ መሣል ያውቅ ነበር፤ እንጀራውን የሚያገኝበት ሥራ ግን አልቀናውም። በሰሜን ካሮላይና ነጋዴ ሆነና ከሰረ። ከአባቱ ጋራ ካደረገው ጉዞ በኋላ በ1766 ዓ.ም. በፍሎሪዳ ሩዝና የቀለም ተክል ለማልማት ተቀመጠ፤ አባቱም እንደ ዘመኑ ክፉ ልማድ ባሮች ገዝቶ ሰጠው። በዓመቱ ይህም ፈረሰ። አባት ልጁ ምን ሆኖ እንደሚኖር ሲጨነቅ፣ ልጁም በአባቱና በወዳጆቹ ፊት ሲያፍር ብዙ ዓመት ዐለፈ።

በመጨረሻ ጆን ፎዘርጊል የሚባል የሎንዶን ሐኪም የዊልያምን ሥዕል አይቶ ወደደው፤ በዓመት 50 ፓውንድ እየሰጠው የደቡብን ዕፀዋት እንዲመረምር ቀጠረው። ዊልያም በ1773 ዓ.ም. ከፊላደልፍያ ተነሥቶ እስከ 1777 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ በጫካና በረግረግ፣ በሕንዶች መንደርና በወንዝ ላይ ሲዞር ቈየ። ጄምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ ጎንደርን አይቶ፣ የኮሶንና የዋጊኖስን ሥዕልና ወሬ ይዞ ወደ አገሩ የተመለሰው በነዚሁ ዓመታት አካባቢ ነው፤ የሁለቱም የጉዞ መጽሐፍ በአንድ ዓመት ልዩነት ታተመ፤ የብሩስ በ1790 ዓ.ም.፣ የዊልያም በ1791 ዓ.ም. ነው።

ዊልያም በጉዞው ወደ አልታማሃ ወንዝ ተመልሶ አባቱ ያሳየውን ስፍራ አገኘ። በዚህ ጊዜ ዛፉን አብቦ አየው፤ ያለፈው ዓመት ፍሬም ከአበባው አጠገብ በስሎ ነበር። ዘሩንም ሰበሰበ። በመጽሐፉ እንደ ተረከው፣ ዛፉ በብዛት ይበቅል የነበረው ሁለት ወይም ሦስት ኤከር በሚሆን መሬት ላይ ነው፤ ይኸውም አንድ ሔክታር ያህል ማለት ነው። ከፔንሲልቬንያ እስከ ሚሲሲፒ ወንዝ ድረስ ሲዞር ከዚያ ስፍራ በቀር በሌላ አገር ዱር ውስጥ አላየውም፤ ይህም ነገር እጅግ አስደነቀው። እንግዲህ ያ አንድ ሔክታር መሬት የዚህ ፍጥረት ዓለም ሁሉ ነበረ ማለት ይቻላል።

ዊልያም በጥር ወር 1777 ዓ.ም. ወደ አባቱ ቤት ተመለሰ። አገሩ በጦርነት ላይ ነበረ፤ አሜሪካውያን ከእንግሊዝ መንግሥት ለመለየት ይዋጉ ነበር። በዚያው ዓመት መስከረም 11 ቀን በብራንዲዋይን በተደረገው ጦርነት የእንግሊዝ ሠራዊት ድል አድርጎ ወደ ፊላደልፍያ ተጠጋ። ሽማግሌው ጆን ባርትራም መስከረም 22 ቀን ሞተ፤ ሠራዊቱም ከአራት ቀን በኋላ፣ መስከረም 26 ቀን ከተማዪቱን ያዘ። የአትክልቱ ቦታ ግን ሳይጠፋ ቀረ። ጆን ባርትራም በ1765 ዓ.ም. መንገድ ስቶ ያገኘውን ዛፍ በገዛ ጓሮው አብቦ ሳያየው ሞተ። ዘሩ አድጎ በባርትራም አትክልት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያበበው በ1781 ዓ.ም. ነው፤ ይህም አባቱ ከሞተ አራት ዓመት በኋላ ነው።

ስሙን በተመለከተ፣ ባርትራሞች ዛፉን ለወዳጃቸው ለቤንጃሚን ፍራንክሊን መታሰቢያ ብለው ፍራንክሊንያ አሉት። ፍራንክሊን የመብረቅን ጠባይ በመመርመርና የአሜሪካን ነጻነት ከመሠረቱት አንዱ በመሆን በዓለም የታወቀ ሰው ነው። የወንዙም ስም ከስሙ ጋራ ተጨምሮ፣ የዕፀዋት ሊቃውንት በሚጽፉበት ላቲን ፍራንክሊንያ አላታማሃ ተባለ። ይህን ስም በመጽሐፍ ያተመው የጆን ባርትራም የአጎት ልጅ ሃምፍሪ ማርሻል ነው፤ መጽሐፉም በ1785 ዓ.ም. በፊላደልፍያ ታተመ። በ1788 ዓ.ም. ዊልያም የአበባውን ሥዕል በቀለም ሠርቶ ወደ እንግሊዝ አገር ላከ።

ዊልያምና ወንድሙ ጆን የአባታቸውን አትክልት አንድነት ይጠብቁ ነበር። በ1783 ዓ.ም. የሚሸጧቸውን ዛፎችና ቍጥቋጦዎች ዝርዝር አሳተሙ። ዘር መልቀምንም ሠራተኛ ልኮ የሚያስፈጽመው ሥራ አላደረጉትም፤ ዊልያም በ1786 ዓ.ም. ዘር ሊለቅም ከወጣበት ዛፍ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። የፍራንክሊንያም ዘርና ችግኝ ከዚህ ቤት እየወጣ ወደ ሌሎች የአሜሪካ አትክልት ቦታዎችና ወደ አውሮፓ ተላከ። ያን ጊዜ ይህን ሲያደርጉ አንድ ፍጥረት ከመጥፋት እያዳኑ መሆናቸውን አያውቁም ነበር፤ መልካም ነገርን ለብቻ መያዝ ስለማይገባ ብቻ ያካፍሉ ነበር።

በዚያን ጊዜ በዱር ያለው እየጠፋ ነበር። በ1790 ዓ.ም. የሃምፍሪ ማርሻል የወንድም ልጅ ሞዝዝ ማርሻል ወደ አልታማሃ ወርዶ ዛፉን አገኘው። በ1803 ዓ.ም. ጆን ላይን የሚባል ስኮትላንዳዊ ችግኝ ነጋዴ ወደ ስፍራው ደረሰ፤ በማስታወሻውም እንደ ጻፈው፣ ያገኘው ሙሉ ዛፍ ከ6 ወይም ከ8 አይበልጥም፤ የያዙትም መሬት ከግማሽ ኤከር አያልፍም። ዊልያም ሁለትና ሦስት ኤከር ሞልቶ ያየው ዛፍ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ወደዚህ ደረሰ ማለት ነው። ከ1803 ዓ.ም. ወዲህ ፍራንክሊንያን በዱር በቅሎ ያየ የታመነ ምስክር የለም። በ19ኛውና በ20ኛው መቶ ዓመት ብዙ ዐዋቂዎች የወንዙን ዳርቻ ደጋግመው ፈልገው ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል።

ስለ መጥፋቱ ምክንያት ሊቃውንት ልዩ ልዩ ነገር ይናገራሉ። አንዳንዶች የወንዝ ሙላትና የጫካ ቃጠሎ ነው ይላሉ። ሌሎች ለእርሻ ሲባል ጫካው መመንጠሩን ያመለክታሉ። ሌሎችም ችግኝ ነጋዴዎች ከሥሩ እየነቀሉ እንደ ወሰዱት ይጠረጥራሉ። ከጥጥ እርሻ ወደ ወንዙ የወረደ የሥር በሽታ ነው የሚሉም አሉ። አንድ ነገር ግን በዐይን የሚታይ ነው፤ ይህ ዛፍ ከተገኘበት ከሞቃቱ ጆርጅያ ይልቅ በሰሜን፣ በረዶ በሚጥልበት አገር የበለጠ ይስማማዋል። ስለዚህ በጥንት ዘመን ዓለም በበረዶ በተሸፈነች ጊዜ ወደ ደቡብ ሸሽቶ፣ ሙቀት ሲመለስ ወደ ቀድሞ አገሩ ለመመለስ ሳይችል በዚያች ትንሽ መሬት ተጠግቶ የቀረ ነው ብለው የሚያስቡ አሉ። እንዲህ ከሆነ፣ ባርትራሞች ባገኙት ጊዜ አስቀድሞ በስደት ላይ የነበረ ዛፍ ነበር።

አሁን ይህ ዛፍ በአትክልተኞች እጅ እንዴት እንደሚራባ እንናገር፤ የመትረፉ ምሥጢር በዚህ ሥራ ውስጥ ይገኛልና። የመጀመሪያው መንገድ በዘር ማብቀል ነው። የፍራንክሊንያ ፍሬ ክብና እንደ እንጨት የጠነከረ ነው፤ ለመብሰልም ከ12 እስከ 14 ወር ይፈጅበታል። ስለዚህ ዛፉ የዘንድሮውን አበባ ሲያወጣ የአምናውን ፍሬ ገና ተሸክሞ ይታያል። ፍሬው ሲበስል ከላይና ከታች በኩል እየተሰነጠቀ ይከፈታል፤ ይህም አከፋፈት ከሌሎች ዛፎች ፍሬ የሚለይበት ምልክት ነው። አትክልተኛው ፍሬው ሊከፈት ሲል መጠበቅ አለበት፤ ቢቸኩል ዘሩ ያልበሰለ ይሆናል፤ ቢዘገይ ዘሩ ይበተናል። የተለቀመውም ዘር መድረቅ የለበትም። ወዲያው ለስላሳና እርጥበት ባለው ዐፈር ላይ ይዘራል፤ በላዩም ስስ ዐፈር ብቻ ይነሰነሳል። ዘሩን በከረጢት አስሮ ለከርሞ ላስቀምጥ የሚል ሰው ምንም አያገኝም።

ሁለተኛው መንገድ ቅርንጫፍ ቈርጦ መትከል ነው። በሙቀቱ ወራት አጋማሽ፣ የዘንድሮው እድገት ገና እንጨት ሆኖ ፈጽሞ ሳይጠነክር፣ ጣት የሚያህል ውፍረት ሳይደርስ፣ አንድ ስንዝር የማይሞላ ጫፍ ይቈረጣል። የታችኛው ቅጠል ይነሣለታል፤ ከዚያም አሸዋ በተቀላቀለበት እርጥብ መደብ ይተከላል፤ ቅጠሉ እንዳይጠወልግ በመስተዋት ወይም ይህን በሚመስል ነገር ተሸፍኖ በጥላ ይቀመጣል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሥር ያወጣል። ሦስተኛውም መንገድ ዝቅ ያለውን ቅርንጫፍ ከእናቱ ሳይለዩ ጐንበስ አድርጎ በዐፈር መቅበር ነው፤ በተቀበረበት በኩል ሥር ሲያወጣ ከእናቱ ይለያል። በቦስቶን ከተማ በሚገኘው አርኖልድ በሚባለው የዛፎች አትክልት ከ1905 ዓ.ም. ጀምሮ የሚጠበቁ ፍራንክሊንያዎች አሉ፤ ከታወቁትም ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡ መሆናቸው ይነገርላቸዋል።

በእነዚህ መንገዶች መካከል ያለውን ልዩነት ማስተዋል ያስፈልጋል። በቅርንጫፍ የተተከለው ዛፍ ከእናቱ ጋራ አንድ ነው፤ የእናቱን ውበት እንደሚወርስ ድካሟንም ይወርሳል። ከዘር የበቀለው ግን አዲስ ፍጥረት ነው፤ ከወንድሞቹ በጥቂት ነገር ይለያል። ዛሬ በዓለም ያለው ፍራንክሊንያ ሁሉ ባርትራሞች ከሰበሰቡት ዘር የወረደ ነው ተብሎ ይታመናል። እንደዚህ ከአንድ ቤት የወጣ ወገን አንድ በሽታ ቢነሣበት ሁሉም በአንድነት ሊጐዳ ይችላል። ስለዚህ ዐዋቂዎች አትክልተኞች ቅርንጫፍ መትከል ቀላል ሆኖ ሳለ፣ ያን አሥራ አራት ወር እየጠበቁ በዘርም ማብቀልን አይተዉም።

ፍራንክሊንያ ለመንከባከብ አስቸጋሪ የሚሆነው በሥሩ ምክንያት ነው። ኮምጣጣነት ያለው፣ በበሰበሰ ቅጠል የዳበረ፣ እርጥበት የሚይዝ ነገር ግን ውሃ የማያቍር ዐፈር ይፈልጋል። ጭቃ ሆኖ በተደፈነ መሬት ላይ ከተተከለ ፊቶፍቶራ የሚባል በዐይን የማይታይ ተውሳክ በውሃው ውስጥ ተራብቶ ሥሩን ያበሰብሰዋል። ቅጠሉ በድንገት ሲጠወልግ ባለቤቱ ውሃ የጠማው መስሎት ውሃ ይጨምርበታል፤ በዚህም ሞቱን ያፋጥናል። ስለዚህ ከፍ ባለ መደብ ወይም በቁልቁለት ላይ መትከል ይሻላል። ሥሩም ጥቂት ስለ ሆነ ካደገ በኋላ ከቦታ ወደ ቦታ ማዛወር አይወድም፤ ገና ትንሽ ሳለ ከነዐፈሩ ወስዶ በመጨረሻ ቦታው መትከል ይገባል። የባርትራም ቤት ቦታ ወደ ወንዝ የሚወርድ ቁልቁለት መሆኑን ስናስብ፣ ዛፉ በዚያ መጽናቱ አያስደንቅም።

ዊልያም ባርትራም በ1823 ዓ.ም. በአባቱ ቤት ሞተ። አትክልቱን የወንድሙ ልጅ አን ከባልዋ ጋራ እስከ 1850 ዓ.ም. ድረስ ጠበቀችው፤ ከዚያ በኋላ በዕዳ ምክንያት ተሸጠ። የገዛው ባለጠጋ ግን ዛፎቹን አላስቈረጠም። በኋላም በወጣትነቱ በዚያ ያገለገለ ቶማስ ሚሃን የሚባል አትክልተኛ ብዙ ደክሞ፣ በ1891 ዓ.ም. የፊላደልፍያ ከተማ ቦታውን ለሕዝብ እንዲይዘው አደረገ፤ እስከ ዛሬም ለሕዝብ ክፍት ነው። ጆን ባርትራም የተወለደበት 300ኛ ዓመት ሲታሰብ፣ የአትክልቱ ጠባቂዎች በየአገሩ ፍራንክሊንያ ያለው ሰው ሁሉ እንዲያስታውቅ ጠይቀው ነበር፤ ከ2000 የሚበልጡ ዛፎች ተመዘገቡ። በ1803 ዓ.ም. ከቀሩት ከ6 ወይም ከ8 ዛፎች ጋራ ሲመዛዘን ይህ ታላቅ ቍጥር ነው። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ከሁለት ሺህ ዛፎች አንዱ እንኳ ያለ ሰው እጅ በዱር የበቀለ አይደለም። ሰው መትከልን ቢተው፣ በአንድ የዛፍ ዕድሜ ውስጥ ይህ ፍጥረት ከምድር ይጠፋል።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ነገር ምንድር ነው? ብዙ ሰዎች አንድን ነገር ማግኘት ትልቅ ክብር ነው ይላሉ። ነገር ግን ጆን ባርትራም በ1765 ዓ.ም. ዛፉን ባገኘው ጊዜ ሥራው በዚያ ቢቀር ኖሮ፣ ዛሬ ፍራንክሊንያ በጉዞ ማስታወሻ ውስጥ የተጻፈ አንድ ቃል ሆኖ በቀረ ነበር። ዛፉን ያዳኑት ተመልሶ መሄድ፣ ዘር መልቀም፣ ዐራት ዓመት ውሃ ማጠጣት፣ የበቀለውንም ለሌላ መስጠት ናቸው። ይህንም ያደረገው ሰዎች ሁሉ ለምንም አልተሳካለትም ያሉት ልጅ ነው። ዘሩ በአንድ አትክልት ብቻ ተዘግቶ ቢቀመጥ ደግሞ፣ አንድ የክረምት በረዶ ወይም አንድ የሥር በሽታ በጨረሰው ነበር፤ የተረፈው ስለ ተበተነ ነው።

ይህ ነገር ለእኛም አገር ባዕድ አይደለም። በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ላይ የቀረውን የጥንት ደን ያየ ሰው፣ አብዛኛውን የሚያገኘው በአብያተ ክርስቲያናትና በገዳማት ቅጥር ዙሪያ ነው። ዝግባው፣ ወይራው፣ ጽዱ በዙሪያው ካለው እርሻ ጠፍቶ በደጀ ሰላሙ አጠገብ ቆሟል። አባቶቻችን ምሳር እንዳያገኘው ከለከሉለት፤ ስለዚህ ተረፈ። ዳሩ ግን ከብቶች በሚገቡበት ቅጥር ውስጥ ታላላቆቹ ዛፎች ቆመው ሳሉ ከሥራቸው የሚወጣው ችግኝ እየተበላና እየተረገጠ ይቀራል። አረጋዊው ዛፍ በወደቀ ጊዜ የሚተካው የለም። ስለዚህ በአንዳንድ አድባራት ካህናትና ሕዝብ በደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ መካብ ጀምረዋል፤ በካቡም ውስጥ የታናናሾቹ ዛፎች ቍጥር ሲጨምር ታይቷል።

እንግዲህ ያለውን አለመቍረጥ የሥራው እኩሌታ ነው፤ ሌላው እኩሌታ ዘሩን በጊዜው ለቅሞ፣ ሳይደርቅ ዘርቶ፣ ችግኙን አሳድጎ ለሚቀጥለው ደብርና ለሚቀጥለው ትውልድ ማካፈል ነው። በአልታማሃ ዳር የነበሩት የመጨረሻዎቹ ስድስት ወይም ስምንት ዛፎችን ያየው ሰው የመጨረሻ እንደ ሆኑ አላወቀም። እኛም በየደብራችን ቅጥር ካሉት ዛፎች የትኛው የወገኑ መጨረሻ እንደ ሆነ አናውቅም። ስለዚህ የደብሩ አለቃ ወይም የሰንበት ትምህርት ቤቱ መምህር በዚህ ዓመት ፍሬው ሲበስል ከአንዱ ዛፍ ሥር አንድ እፍኝ ዘር አስለቅሞ በመደብ ቢያስዘራ፣ ጆን ባርትራም አበባውን ሳያይ እንደ ሞተ እርሱም ጥላውን ሳያይ ሊያልፍ ይችላል፤ ዛፉ ግን ይኖራል።